ወንድ ስለሚለው ቃል

«ወንድ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው አዋላጅዋ ሕፃኑን ተቀብላ አይታ የምትናገረው ነው። በብዙ ቀበሌ ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ በዚያም ነገሩ ያበቃል። ሁለተኛው ግን ስለ ተፈጥሮ ሳይሆን ስለ ጠባይ የሚናገር ነው። ጢም ያበቀለውንና ልጆች የወለደውን ሰው ጎረቤቱ «እሱ ደግሞ ምን ወንድ ነው!» ሲለው እንሰማለን። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች ያሳደገችውን፣ ቤቷን ያለ ረዳት ያቆመችውን ሴት ደግሞ «ወንድ ናት እኮ» ብለን እናመሰግናታለን። እርስዋም ምስጋናውን ትቀበላለች፤ ሌላ ቃል አላዘጋጀንላትምና።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛና ታሪክ ሳስተምር ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁት አልቈጠርሁትም። «ወንድ ሁን»፤ «ወንድ ልጅ እንዲህ አያደርግም»፤ «ወንድ ከሆንህ ተነሥና መልስ»። በጡረታ ከተቀመጥሁ በኋላ ግን ቃሉ ከአገር ፍቅር ጋር እንዴት ተጋብቶ እንደ ኖረ ማሰብ ጀመርሁ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ነገሩ ለመጽሐፍ የሚበቃ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በዚህ ቃል ምክንያት አንድ ቀን ከመቀመጫው ስለ ተነሣ ነው። የእርሱን ነገር ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን ግን ወደ ጥንቱ እንመለስ።

በአማርኛ ተጽፎ ከደረሰን ነገር ሁሉ ጥንታዊው የትኛው ነው ቢባል፣ መልሱ ለነገሥታት የተዘመረ የጦር ውዳሴ ነው። እነዚህ ግጥሞች ዐፄ ዐምደ ጽዮንን፣ ዐፄ ይስሐቅን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዐፄ ገላውዴዎስን እያወደሱ ድላቸውን ይቈጥራሉ። በዚያ ዘመን ጸሎቱ፣ ገድሉ፣ ሕጉ፣ ቅኔው፣ ታሪከ ነገሥቱም በግዕዝ ነበረ። አማርኛ የቤትና የገበያ የሰፈርም ቋንቋ ሆኖ ሲኖር፣ ወደ ብራና ከገባባቸው በሮች የመጀመሪያውን የከፈተለት የወታደሩ አፍ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በዚያው ዘመን እናት ልጅዋን በአማርኛ ታባብል፣ ገበሬ በሬውን በአማርኛ ይቈጣ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው በአማርኛ ያላቅስ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ «ይጻፍ» ያለ ሰው አልተገኘም። ሊጻፍ የሚገባው ሆኖ የተገኘው የገዳይና የድል አድራጊ ወሬ ነው። እንስራ በመጀመሪያ የተሞላበትን ጠጅ ሽታ ቶሎ እንደማይለቅ፣ ቋንቋም እንዲሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ወንድነት የሚመሰከርበት ሸንጎ ፉከራ ነበረ። በግብር አዳራሽ፣ ወይም ከዘመቻ መልስ በጌታው ፊት፣ ሰውየው ብድግ ብሎ «ዘራፍ» ይላል፤ ጦሩን እየነቀነቀ ወዲያና ወዲህ ይንጐራደዳል፤ የአባቱን ስም ይጠራል፤ የጌታውን የፈረስ ስም ጠርቶ የእርሱ አሽከር መሆኑን ያስታውቃል፤ የገደለውን ይቈጥራል፤ ገና የሚገድለውንም ይጨምራል። ከእርሱ አስቀድሞ ሌላው በሽለላና በቀረርቶ ልቡን አሙቆለታል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን፣ ፉከራ መዝናኛ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ፉከራ መሐላ ነበረ። በጌታውና በባልንጀሮቹ ፊት «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የፎከረ ሰው በማግሥቱ ወደ ኋላ ቢል መግቢያ የለውም። ቃሉ ሰውየውን ቀድሞ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሰውየውም ቃሉን ተከትሎ ይሄዳል። ደመወዝ የሚቈረጥለት መደበኛ ሠራዊት ባልነበረበት ዘመን ወታደሩን በቦታው ካቆሙት ነገሮች አንዱና ትልቁ ይህ ነበረ። ስለዚህ ፉከራን እንደ ከንቱ ጩኸት የሚንቁ ዘመናዮችን አላመሰግናቸውም። አገሪቱ ነጻነትዋን የጠበቀችው በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በኀፍረትም ጭምር ነው።

የፈረስ ስሞቹንም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ «በዝብዝ»ም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ሲባሉ ስሙ ዳኝነትን ይጠራል፤ የጦር ሚኒስትራቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ሲባሉ ስሙ ዘዴን ይጠራል። እንግዲህ የጥንቱ ወንድነት በመግደል ብቻ አልተለካም ማለት ነው፤ ፍርድ መስጠትና መላ መፍጠርም በጦር ሜዳ ለሚጠራ ፈረስ የሚበቃ ስም ነበረ። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ በብዝበዛው ጊዜ ጎተራው የተራቈተው ገበሬ ስለ አባ በዝብዝ ሌላ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል።

የፈረስ ስም ደግሞ ፈረሱና ጌታው ካለፉም በኋላ አይሞትም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያው የሰለጠነበትም የጦር ሰፈር ታጠቅ ተባለ። የቴዎድሮስ ፈረስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ቃሉ ገና የገበሬ ልጆችን ያስታጥቅ ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ወንድ ነው። አገር ግን በአማርኛ ሴት ናት። ይህ የሰዋስው ነገር ቢመስልም ከሰዋስው ያልፋል። በቋንቋችን በሴት አንቀጽ የምንጠራው ሴትን ብቻ አይደለም፤ ትንሽና የሚወደድ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። እናት ትንሹን ወንድ ልጅዋን ስታቈላምጠው «አንቺ» ትለዋለች፤ ልጁ ካደገ በኋላ ግን ያንኑ ቃል የመንደር ጎረምሳ ቢለው ዱላ ይማዘዛሉ። ከእናቱ አፍ ፍቅር የነበረው ከወንድ አፍ ስድብ ሆነ። አገርንም እንዲሁ «አንቺ» እንላታለን። ያለፉትን ሦስት የብሔራዊ መዝሙሮቻችንን አስቡ፤ አንዱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተዘመረውና ቃሉን ዮፍታሔ ንጉሤ የደረሱት ነው፤ ሁለተኛው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ነው፤ ሦስተኛው በ1984 ዓ.ም. የወጣው ነው። እነዚያ መንግሥታት በባንዲራው ዓርማ፣ በመሬቱ፣ በታሪኩ አልተስማሙም፤ አንዱ የሠራውን ሌላው አፈረሰ። ሦስቱም መዝሙሮች ግን ኢትዮጵያን የሚያናግሯት በሴት አንቀጽ ነው። በዚህ ላይ የተጣላ መንግሥት የለም።

እንግዲህ አገር ሴት ስትሆን፣ የሚነሣላት ወንድ መሆኑ ሳይነገር የታወቀ ሆነ። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ያወጡትን የክተት ዐዋጅ ብትመለከቱ ይህን ታያላችሁ። ዐዋጁ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ብሎ በሐዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። የሚናገረው «አንተ» ብሎ ለአንድ ወንድ ነው፤ ሚስት በዐዋጁ ውስጥ የሚዘመትላት እንጂ የምትዘምት አይደለችም። ነገር ግን ያን ዐዋጅ ያወጁት ንጉሥ ሚስት፣ እቴጌ ጣይቱ፣ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ መቀሌ ላይ ጠላት የመሸገበትን ምሽግ ከውኃው ምንጭ መለየት የእርሳቸው ምክር እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ምሽጉን የፈታው ከመድፍ ይልቅ ጥም ነበረ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋም ሴቶች ለቈሰለውና ለተጠማው ውኃ ያመላልሱ ነበር። ዐዋጁ የተጻፈበት ቋንቋ ያልጠራቸው ሰዎች ሳይጠሩ መጡ። በጠላት ወረራ ዘመንም ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ሚስታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ተማርከው እስከ ኢጣልያ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ሴቶች የነገረን መምህር ትረካውን የጨረሰው «እነዚህስ ወንዶች ነበሩ!» ብሎ ነው። እኛም አጨበጨብን። ከመካከላችን የነበሩት ሴቶች ልጆች ምን እንደ ተሰማቸው የጠየቃቸው የለም።

ወደ ጓደኛዬ ነገር ልመለስ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ እኔ በአንዲት የወሎ ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ለእናቱ አንድ ነበር። ሒሳብ የሚወድ፣ ዝምተኛ፣ ሲሥቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ በከተማው ሜዳ ስብሰባ ተጠራ። አዝማሪ መጣ፤ ከበሮ ተመታ፤ አንድ ጐልማሳ የሰው ጠመንጃ ተውሶ ፎከረ። ቀረርቶው ሲሰማ የሁላችንም ጠጕር ቆመ፤ የእኔም ቆሟል፤ ይህን አልክድም። ፎካሪው ድንገት ወደ ተማሪዎቹ መደዳ ዞሮ «በዚህ በኩልስ ወንድ የለም እንዴ?» አለ። ጓደኛዬ ተነሣ። እኔ እጆቼን ከጭኔ በታች አድርጌ ተቀምጬ ቀረሁ።

በዚያው ማታ በመኝታ ቤት «ምን ነካህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንጃ፤ እግሬ ነው የተነሣው» አለኝ። ስሙ ግን ተጽፏል። «ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻል እንደ ሆነ ጥቂት ተነጋገርን፤ ከዚያም እርሱ «ከዚህ በኋላ ምን ብዬ እገባለሁ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ክረምቱ ሳይገባ ሄደ። በሐምሌ ወር የሶማልያ መደበኛ ጦር በኦጋዴን በኩል ገባ።

ጥሪው ሐሰት ነበረ አልልም። አገር ተወርሮ ነበር፤ የሚሄድ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የሄዱት ባይሄዱ ኖሮ እኔ ዛሬ በሰላም ተቀምጬ ይህን ባልጻፍሁ። የማነሣው ነገር ሌላ ነው። ያን ልጅ የጠየቀው ሰው «አገርህን ትወዳለህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ «መዋጋት ትችላለህ?» ብሎም አልጠየቀውም። የጠየቀው ወንድ መሆኑን ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ አንድ መልስ ብቻ አለው።

እርሱ ሄደ፤ እኔ ቀረሁና መጻሕፍት አነበብሁ። ለብዙ ዓመታት በምን ዐይን አነብ እንደ ነበረ አሁን ይገባኛል። ባገኘሁት ድርሰት ሁሉ ውስጥ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ተቀምጦ የቀረ ሰው በአማርኛ ወንድ ይባላል ወይ? ያገኘሁትንም እነግራችኋለሁ።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት ነው። አርእስቱ ልብ ወለድ ታሪክ ይባል ነበር፤ ኋላ ጦቢያ ተብሎ ታወቀ። ዋህድና ጦቢያ መንታ ናቸው። አባታቸው በጦርነት ተማርኮ ሳለ አንድ የማይታወቅ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ዋህድም ለዚያ ለጋስ ሰው ወሮታውን ለመመለስ ሲወጣ ተይዞ በባርነት ይሸጣል። ጦቢያ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። «ጦቢያ» ደግሞ ሕዝቡ ኢትዮጵያን የሚጠራበት ስም ነው። እንግዲህ በቋንቋችን የመጀመሪያው ልብ ወለድ ውስጥ የአገሪቱን ስም የተሸከመችው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትሄዳለች፤ የተማረከውም፣ የሚፈለገውም ወንድ ነው። ይህን ሳነብ ደራሲው እኔ ከማስበው በላይ አስተዋይ እንደ ነበሩ ተሰማኝ። አሁንም የሚገርመኝ ነገር አለ፤ እኚሁ ደራሲ በኋላ ዘመን ከወራሪው ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ተባብረው አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግ ተቀበሉ። ጥሩ መጽሐፍ መጻፍና በጭንቅ ቀን መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት አዲስ ዓለም ስለ ሌላ ዓይነት ወንድ ይናገራል። የእርሳቸው ሰው አወቀ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። አወቀ ወደ አውሮጳ ሄዶ ተምሮ ተመልሶ በአባቱ ተዝካር ነገር ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ጠላቱ ጦር የያዘ አይደለም፤ ድግስና ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ጠብ ግዳይ የለውም፤ ማንም አይፎክርለትም። መጽሐፉ እንደ ድርሰት ጥቂት ይከብዳል፤ ብዙ ይመክራል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሠራ ግን ሀዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብር ሲታተም ፊታውራሪ መሸሻን ይዞ መጣ። ፊታውራሪ ዘራቸውን ይቈጥራሉ፤ ይፎክራሉ፤ ይቈጣሉ፤ የጥንቱ ቃል ሁሉ በአፋቸው አለ። ነገር ግን ቃሉ የሚከተለው ሥራ የለም። ገባሮቻቸው ከልማድ ውጪ የሆነ ግብር አንሰጥም ባሉ ጊዜ ሊቀጧቸው ዘምተው በገበሬዎቹ እጅ ተማርከዋል። አንባቢው ይሥቃል። ይህን ሣቅ አትናቁት። ለብዙ መቶ ዓመታት ፉከራ ሲሰማ ሰው ይነሣ ነበር እንጂ አይሥቅም ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በዛብህ ቆሟል፤ ባለ ቅኔ፣ መምህር፣ አንድም ሰው ያልገደለ ድኻ። ሰብለ ወንጌል ከፎካሪዎቹ ሁሉ እርሱን መረጠች፤ አንባቢውም አብሮዋት መረጠ። ጓደኛዬ ያን መጽሐፍ አንብቦት ነበር። መሸሻን እያስመሰለ ያሥቀን የነበረው እርሱ ራሱ ነው። ሆኖም በዚያ ቅዳሜ አልጠቀመውም፤ በመጽሐፍ የሣቅንበት ነገር በሜዳ ሲመጣ ሌላ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከሁሉ ስለሚከብደኝ ነው። እርሳቸው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከነገሡ በኋላ ታሪካቸው እንደ ቀድሞ ነገሥታት በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ፤ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ አማርኛ ፉከራውን ትቶ ሙሉ የሰው ሕይወት ለመተረክ የሞከረው ስለ እርሳቸው ነው ማለት ይቻላል። ያም ሰው የወንዶች ወንድ ይባል የነበረ ነው። ነገር ግን ሕይወታቸውን ብትመረምሩ ከየምዕራፉ ሴት ትወጣለች። ጠላቶቻቸው የሰደቧቸው በእናታቸው ነው፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ። ገና ካሣ ሳሉ ቈስለው ተኝተው ለሐኪሙ የሚሰጡት ላም ቢጠይቁ፣ እቴጌ መነን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ሰደዱላቸው፤ ይህን ውርደት አይተው ለአመፅ ያነሣሧቸው ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች እንደ ነበሩ ይተረካል። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ነው። ተዋበች ሲሞቱ ደግሞ ሐዘኑ እንዳልወጣላቸው ሁሉም ይስማማል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት የገዛ ሽጉጣቸውን መረጡ። ሰባት ዓመት ያልዘለለው ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ። እኛ ስለ ሽጉጡ ብዙ ዘፍነናል፤ ስለ ልጁ የዘፈንነው ጥቂት ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደራስያን ወደ ቴዎድሮስ ተመለሱ። ብርሃኑ ዘሪሁን መጽሐፉን የቴዎድሮስ እንባ አለው። አቤ ጉበኛ የእርሱን አንድ ለናቱ አለው። አርእስቶቹን ብቻ ተመልከቱ። ስለ እኚያ ኃይለኛ ሰው ሲጻፍ አንዱ በእንባ ሰየመው፤ ሌላው በእናት። ሰይፍ የሚል አርእስት አጥተው አይደለም።

እኔ ግን እነዚህን መጻሕፍት ሳስተምር ኖሬ ያስተማርሁትን አልተማርሁትም ነበር። ልጡረታ አቅራቢያ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ አባቱ ሞቶ ወደ ትምህርት በተመለሰ ቀን በክፍል ውስጥ ማልቀስ ጀመረ። ጓደኞቹ ዞረው አዩት። እኔም ላድነው ብዬ ጠጋ አልሁና «አይዞህ፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልሁት። ልጁ ወዲያው አቆመ። እንዴት ብሎ እንዳቆመው አላውቅም፤ እንደ ቧንቧ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንታት ጥያቄ ብጠይቀው ቀና ብሎ ያየኛል እንጂ አይመልስልኝም ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ በልጅነቴ በቃሌ ይዣለሁ። ዳዊትም ስለ አቤሴሎም በበሩ ሰገነት ላይ እንዳለቀሰ አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ከአፌ የወጣው ያነበብሁት ሳይሆን በሜዳው የሰማሁት ሆነ።

ጓደኛዬ አልተመለሰም። ካራማራ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲጨፍር እናቱ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር። ከእርሱ የደረሳቸው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ከታጠቅ ጦር ሰፈር የተጻፈ። እማማ ፊደል ስለማያውቁ እኔ እየሄድሁ አነብላቸው ነበር። ደብዳቤው አንድ ገጽ ሙሉ ነው። እናት አገር፣ ደም፣ አጥንት፣ ወራሪ፣ ቈራጥነት፣ ድል፤ በሬዲዮ በየቀኑ የምንሰማው ቃል በሙሉ በዚያ አለ። ጽሕፈቱ የእርሱ ነው፤ ሰባትን የሚጽፍበትን አጻጻፍ ሳይቀር ዐውቀዋለሁ። ነገሩ ግን የእርሱ አይደለም። ሲሥቅ አፉን የሚሸፍነው ልጅ በአንዱም መስመር ውስጥ የለም። ምናልባት ሌላ ቢጽፍ እንዳያልፍለት ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ወንድ እንዲህ ይጽፋል ብሎ ይሆናል።

አንብቤ በጨረስሁ ቍጥር እማማ ዝም ብለው ይቈዩና «ብርዱንስ ምን አለው?» ይሉኛል። «አልጻፈም» እላለሁ። «መብሉንስ?» «አልጻፈም፣ እማማ»። «እስቲ ከታች እይልኝ፣ ልጄ፤ የቀረ ይኖር እንደ ሆነ»።

ለአራተኛ ወይም ለአምስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ እስከ ፊርማው ካነበብሁ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ። «እማዬ፣ የቋጠርሽልኝ ቆሎ አልቆብኛል፤ ሌሊት ሌሊት ትናፍቂኛለሽ» ብዬ አነበብሁ። ይህ በወረቀቱ ላይ የለም። እማማ ቀና ብለው አዩኝና «ይህን እስከ ዛሬ ለምን ዘለልኸው?» አሉኝ። «ጽሕፈቱ ደብዝዞ ነው» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ፣ ስሄድ ደብዳቤውን ከሣጥናቸው አውጥተው ይሰጡኝና «ላዩን ተወውና ያችን የቆሎዋን አንብብልኝ» ይሉኝ ነበር።